የላይብረሪያችንን ታሪክ ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ግን የማንን ታሪክ ነው የምጽፈው?

አቧራ ጠራጊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የሰፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 40 ዓመት ሊሞላው ነው። የወዳጆቹ ማኅበር፣ ማለትም መጽሐፍ የሚያሰባስበው፣ ጣሪያው ሲያፈስ በየደጁ ዞሮ የሚለምነው ቡድን፣ ለበዓሉ አነስ ያለች የታሪክ መጽሔት እንድትዘጋጅ ወሰነ። ማን ይጻፍ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስብሰባ ላይ እስክሪብቶ ይዞ መገኘት ጣጣው ይኼ ነው።

መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። በሩ አጠገብ የእብነ በረድ ጽሑፍ አለ፤ ማን አሠራው፣ ማን መረቀው፣ መቼ ተመረቀ የሚል። እሱን ገልብጬ፣ ሦስት አራት ፎቶ ጨምሬ፣ የሊቀ መንበሮቹን ስም ደርድሬ እገላገላለሁ አልኩ። ከዚያ ዕቃ ክፍል ገባሁና አንድ ካርቶን አወረድኩ። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ አምስት የቃለ ጉባኤ ደብተር አለ። አንድ ወፍራም የመጻሕፍት መመዝገቢያ አለ፤ መጽሐፍ በገባ ቁጥር ተራ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ርእሱ፣ ከየት እንደመጣ የሚሞላበት። ጀርባው የተገነጠለ የውሰት መዝገብም አለ። የደረሰኝ ጉርዶች ደግሞ በላስቲክ ታስረዋል፤ ላስቲኩን ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ተበጠሰ።

አሁን ቃለ ጉባኤዎቹን በዓመት ሳሰልፋቸው መሀል ላይ የሦስት ዓመት ጎደለ። ሰው ስጠይቅ «እሱን ተይው፣ ያኔ ተዘግቶ ነበር» ይለኛል። የመጻሕፍቱ መመዝገቢያ ግን በእነዚያው ዓመታት መጽሐፍ ሲገባ ነበር ይላል። የተዘጋ ቤት መጽሐፍ ይቀበላል እንዴ?

ደግሞ «መሥራቹ አባታችን ናቸው» የሚሉ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። የአንዱ አባት ቦታውን ሰጥተዋል ይባላል፤ የሌላው አባት መምህር ነበሩ፣ ሐሳቡን ያመነጩት እሳቸው ናቸው ይባላል። ሁለቱም ወገን ፎቶ አላቸው። ሁለቱም ለበዓሉ አዋጥተዋል። አንዱን ብጽፍ ሌላው ይቀየመኛል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ መመዝገቢያው ላይ ከግማሽ ከሚበልጠው መጽሐፍ ትይዩ «ስጦታ» ብቻ ተብሎ ተጽፏል። የማን ስጦታ? ስም የለም። «የደጋፊዎች ታሪክ» ጻፊ ተብዬ ደጋፊዎቹን የማላውቅ ሆኜ ቀረሁ።

እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?

---

ገጽ አጣፊ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ አይዞሽ? ሁለቱንም ውሰጂ።

የመሥራቹን ጉዳይ እንዳትጨነቂበት አንድ ነገር ልንገርሽ። የታላላቆቹን ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ብታይ «መሥራቹ እገሌ ነው» ብሎ በአንድ ስም የሚዘጋ ብዙም የለም። የአሜሪካዋን ከተማ የቦስተንን እንይ። ከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያስፈልጋታል ብሎ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የወተወተው ቫተማር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ሥራው ምን ነበር መሰለሽ? ድምፁን ከሌላ ቦታ የመጣ አስመስሎ የሚናገር የመድረክ ሰው ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። በ1848 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቦስተን ያለችበት የማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት ከተማዋ እንድታቋቁም ፈቀደ። ገንዘቡን ደግሞ በ1852 ለንደን የሚኖር ጆሹዋ ቤትስ የሚባል ባለባንክ ሰጠ፤ 50,000 ዶላር ለመጽሐፍ መግዣ፣ ከተማዋ ሕንፃውን ራሷ ትሥራ፣ አገልግሎቱም ለሁሉም ነፃ ይሁን ብሎ። ሰውዬው በወጣትነቱ መጽሐፍ መግዣ አጥቶ ማታ ማታ መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ እየተቀመጠ ያነብ ነበር። በሩ ለአንባቢ የተከፈተው በ1854 ነው፤ ያውም በአሮጌ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ውስጥ። እና መሥራቹ የቱ ነው? ወትዋቹ? ፈቃጁ? ከፋዩ? ከአራቱ ዓመተ ምሕረትስ የትኛውን እብነ በረድ ላይ ትጽፊያለሽ?

ስለዚህ «መሥራች» የሚለውን ቃል ከመጽሔቱ አውጪው። «ቦታውን የሰጡት»፣ «ሐሳቡን ያነሡት»፣ «በሩን የከፈቱት» በይ። ሁለቱም ቤተሰብ ስሙን ያገኛል፤ አንቺም ያልዋሸሽ ትሆኛለሽ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሕንፃ ማሠራት የሚወድ ሰው አይጠፋም፤ ስም ይጻፍበታላ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይከፍላል? የመብራቱን፣ የደሞዙን፣ የአዲስ መጽሐፉን? እንግሊዞች በ1850 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ሲያወጡ ከ10,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ከንብረት ግብር ላይ በፓውንድ ግማሽ ፔኒ እንዲወስዱ ፈቀዱ። ሕንፃ መሥራት ይቻላል፣ ዕቃ ማሟላት ይቻላል፣ ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል። በዚያ ገንዘብ መጽሐፍ መግዛት ግን አይቻልም! መጽሐፉን ቸር ሰው ይሰጣል ተብሎ ነበር የታሰበው። ቸር ሰው ደግሞ የሚሰጠውን ታውቂዋለሽ፤ ቤቱ ቦታ ያጣበበውን። በ1855 ሕጉ ተሻሽሎ ወደ አንድ ፔኒ ከፍ አለ፣ መጽሐፍም መግዛት ተፈቀደ። ያቺ አንድ ፔኒ ግን እስከ 1919 ድረስ ጣሪያ ሆና ቀረች።

የአሜሪካው የብረት ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ ይኼ የገባው ሰው ነበር። እሱም ሆነ በኋላ ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ 2,509 ቤተ መጻሕፍት አሠርተዋል፤ የመጀመሪያው በ1883 በትውልድ ከተማው በዳንፈርምሊን የተከፈተው ነው። ግን ዝም ብሎ ብር አልበተነም። ቦታውን እናንተ አምጡ፣ በየዓመቱም ሕንፃው ከፈጀው አሥር በመቶ ከሕዝብ ገንዘብ እንደምትመድቡ ቃል ግቡ ይል ነበር። 10,000 ዶላር ከሰጠ በዓመት 1,000 ዶላር ትከፍያለሽ። ይኼን ሰምተው አንፈልግም ያሉ ከተሞች ነበሩ። ገንዘቡ የመጣበትን መንገድ ጠልተው እምቢ ያሉም አልጠፉም፤ በ1892 ሆምስቴድ በሚባለው የብረት ፋብሪካው በአድማ መቺዎች ላይ የደረሰውን ግድያ አልረሱምና።

እና ጥያቄዬ፦ የናንተን «አሥር በመቶ» ማን ሲከፍል ኖረ? መልሱ እብነ በረዱ ላይ የለም። ደረሰኞቹ ውስጥ ነው ያለው። ላስቲክ የታሰሩትን ማለቴ ነው።

---

የማኅተም ድምፅ፦

ልጄ፣ ለ31 ዓመት ላይብረሪያን ሆኜ ነው የሠራሁት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። እስቲ እኔም ልናገር።

መጀመሪያ ያንን ካርቶን ከዕቃ ክፍል አውጪው። ዛሬ። እኔ የምሠራበት ቤት ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር አንድ ኃላፊ «አሮጌ ወረቀት ተሸክመን አንሄድም» ብሎ 26 መዝገብ አስጣለ። ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ስመለስ የቀረልኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የበር መደገፊያ ሆኖ ስላገለገለ ነው የተረፈው። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። አሁን የዚያ ቤት ታሪክ ሲነገር የሚጀምረው ከአዲሱ ሕንፃ ነው።

ላስቲክና የወረቀት መያዣ ሽቦ ካለ አውልቂ። ላስቲኩ ይቀልጥና ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሽቦው ይዝጋል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። ደረሰኞቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል አስቀምጫቸው፤ «ላስተካክል» ብለሽ አትደባልቂ፤ የተደረደሩበት መንገድ ራሱ ወሬ ይነግርሻል። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በሞባይል አንሺ፤ ባዶውንም ገጽ ጭምር። ባዶ ገጽ ለምን እንደተዘለለ አንድ ቀን ይገባሽ ይሆናል።

አሁን ወደ መመዝገቢያው። ርእሱን አትከተይ፣ እጁን ተከተይ። ጽሕፈቱ የሚቀየረው መቼ ነው? አንድ ሰው ለስምንት ዓመት ሲጽፍ ቆይቶ ድንገት ሌላ እጅ ከመጣ ሠራተኛ ተቀይሯል ማለት ነው። እርሳስና እስክሪብቶ እየተፈራረቁ ከመጡ ደግሞ የጻፈው ቋሚ ሠራተኛ ላይሆን ይችላል። ከመጽሐፉ ጋርም አስተያዪው፤ በተራ ቁጥሩ መደርደሪያው ላይ ፈልጊው፣ የፊት ገጹን ክፈቺ። «ስጦታ» ብቻ የተባለው መጽሐፍ ውስጥ የሰጪው ስም፣ የት እንደተገዛ፣ አንዳንዴም «ለልጄ ለልደትህ» የሚል ታገኚያለሽ። እኔ አንድ ጊዜ የ14 መጽሐፍ ባለቤት እንዲህ አድርጌ አግኝቻለሁ፤ ሁሉም ገጽ 17 ላይ ትንሽ ፊርማ ነበራቸው። ለምን 17 እንደሆነ አላወቅኩም፣ ሰውየው ግን ተገኙ።

ሦስቱን ዓመት በተመለከተ ደግሞ «ተዘግቶ ነበር» የሚለውን እንዳትጽፊ፣ «ተከፍቶ ነበር» ብለሽም እንዳትደመድሚ። ኮሚቴ አልተሰበሰበም ማለትና ቤቱ ተዘጋ ማለት ለየቅል ናቸው። ኮሚቴ ሳይኖር የሚከፈት ቤት አይቻለሁ፤ ኮሚቴው በየሳምንቱ እየተሰበሰበ የማይከፈት ቤትም አይቻለሁ። ሰዉን ስትጠይቂ «ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቶ ነበር ወይ?» አትበይ፤ አዎ ብለው ይገላግሉሻል። «በዚያን ጊዜ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» በያቸው። ቁልፍ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ይታወሳል፤ የተቆለፈበት ሁሉ ያስታውሰዋል።

ቁልፍ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጣሊያን ውስጥ ቼዜና የምትባል ከተማ በ1454 የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ማላቴስቲያና ይባላል። መጻሕፍቱ ዛሬም ከንባብ ጠረጴዛው ጋር በሰንሰለት እንደታሰሩ ናቸው። የተሠራው መነኮሳት ገዳም ውስጥ ነው፤ ያሠራው የከተማይቱ ገዥ ነው። ጥበቃው ግን ለከተማው ሕዝብ ተሰጠ። በሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ መነኮሳቱ ጋ፣ አንዱ የከተማው ሰዎች ጋ። አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። ስብስቡ እስከ ዛሬ ሳይበተን የደረሰው ለዚህ ይመስለኛል።

---

ክርክር ወዳድ፦

ጋሼ የማኅተም ድምፅ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ በተለይ የቁልፏ ነገር። እኔ ግን ትንሽ ጨው ልነስንስ።

እንዲህ ዓይነት የበዓል መጽሔት በሕይወቴ ብዙ አንብቤአለሁ። ሁሉም አንድ ናቸው። «በእገሌ ብርቱ ጥረት፣ በእገሌ የማይነጥፍ ድጋፍ»። ማን እንዳይገባ ተከልክሎ እንደነበር የሚጽፍ የለም። ለሁሉም ክፍት ነው የተባለ ቤት በእርግጥ ለሁሉም ክፍት ነበር ወይ?

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ። ነሐሴ 1939 ላይ አምስት ጥቁር ወጣቶች ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ገብተው የአባልነት ካርድ ጠየቁ። ተከለከሉ። ምንም አላሉም፤ እያንዳንዱ ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አንሥቶ የየራሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ማንበብ ጀመረ። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ከተማዋ በኋላ ምን አደረገች? በሩን አልከፈተችላቸውም። በቀጣዩ ዓመት ለጥቁሮች የሚሆን ሌላ አነስተኛ ቤት ሠራችላቸው።

የዳንቪሉ ደግሞ ይብሳል፤ እሱም ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በ1960 ፍርድ ቤት ሁሉንም አስተናግዱ ብሎ ሲያዝ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍቱን ጨርሶ ዘጋችው። በኋላ ሲከፈት ወንበሮቹ ተነሥተው ነበር። ገብተህ መውሰድ ትችላለህ፣ መቀመጥ ግን አትችልም፤ ጥቁርና ነጭ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይገናኙ። አስቡት እስቲ፣ ወንበር የሌለው የንባብ ክፍል። ያቺ ከተማ የበዓል መጽሔት ብታወጣ «በ1960 ለጥቂት ጊዜ ለእድሳት ተዘግቶ ነበር» ብላ ልታልፈው ትችላለች። ስለ ጎደሉት ሦስት ዓመታት ስሰማ የመጣብኝ ይኼ ነው። የናንተም እንዲህ ነው አላልኩም። ግን «እሱን ተይው» የተባለ ነገር ሁሉ መታየት አለበት።

ደግሞ ይቅርታ አድርጉልኝና የመጽሐፍ ስጦታን ሁሉ ውለታ አታድርጉት። እኔ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስጦታ ስለይ ከርሜአለሁ። ግማሹ ዘመኑ ያለፈበት የሒሳብ አያያዝ መማሪያ፣ ሩቡ ሽፋኑን አይጥ የበላው፤ አንድ ካርቶን ደግሞ የሆነ መሥሪያ ቤት የስልክ ማውጫ ብቻ ነበር። የሰጠው ሰውዬ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል።

---

ሦስተኛ መደርደሪያ፦

ስልክ ማውጫው ገደለኝ 😂

ግን ክርክር ወዳድ፣ አሮጌ ስጦታም ቢሆን የሚያነሣው ሰው ካገኘ ይሠራል። የኬንታኪዎቹን የፈረስ ላይ ላይብረሪያኖች ሰምተሃል? አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት በተመታችበት ጊዜ ከ1935 ጀምሮ ሴቶች በፈረስና በበቅሎ፣ መኪና በማይገባበት ተራራ፣ ወንዝ እየተሻገሩ መጽሐፍ ያደርሱ ነበር። መንግሥት ደሞዛቸውን ብቻ ነበር የሚከፍለው፤ በወር 28 ዶላር ገደማ። መጽሐፉ በሙሉ ከልመና የመጣ ነው፤ አሮጌ መጽሔት፣ ገጹ የጎደለ መማሪያ፣ ያገኙትን ሁሉ። አይጠቅምም ብለው የተቀደደውን አልጣሉትም፤ ደህና ደህናውን ገጽ እየቆረጡ ደብተር ላይ ለጥፈው አዲስ መጽሐፍ ሠሩበት። ሰዎቹ ደግሞ በተራቸው የራሳቸውን የሙያ አሠራርና የጥልፍ ንድፍ እየጻፉ ጨመሩበት። አንባቢው ራሱ ደጋፊ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በ1943 የመንግሥቱ ፕሮግራም ሲያበቃ ደሞዙ ቆመ፤ ፈረሶቹም ቆሙ። መጽሐፍ ስለጠፋ አይደለም እኮ የቆመው። ገጽ አጣፊ «አሥር በመቶ» ያለው ነገር ነው።

እህቴ፣ ለአንቺ ደግሞ የሜሪላንዷን ሜሪ ቲትኮምን ልጠቁምሽ። በ1905 ገጠር ላሉ ገበሬዎች መጽሐፍ በፈረስ ጋሪ መላክ የጀመረች ላይብረሪያን ናት። የአሜሪካ የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ይባላል። ስሟ ይታወቃል፣ ይገባታልም። ጋሪውን የሚነዳው ግን ማን ነበር? ጆሹዋ ቶማስ የሚባል የቤተ መጻሕፍቱ የጽዳት ሠራተኛ። መንገዱን፣ ቤቱን፣ ማን ምን ማንበብ እንደሚወድ የሚያውቀው እሱ ነው። በ1910 ጋሪውን ባቡር ገጭቶ ሰባበረውና አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሞተር መኪና ቀጠለ።

የማኅተም ድምፅ «ቁልፉ ማን ጋ ነበር?» ብለው የለ? እኔ ጽዳት ማን ነበር ብዬ እጨምርበታለሁ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው።

---

ገጽ አጣፊ፦

ክርክር ወዳድ፣ የተከለከሉትን ይጻፍ ማለትህን እደግፋለሁ። ግን እሷ መጽሔት ነው የምትጽፈው፣ የክስ ማመልከቻ አይደለም። ማስረጃ ካገኘች ትጻፍ፤ ካላገኘች ደግሞ ጥርጣሬዋን «የእነዚህ ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ አልተገኘም» ብላ ታስቀምጠው። አንባቢ ሞኝ አይደለም።

የሴቶቹንም ነገር እንዳትረሺው። በአሜሪካ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሦስት አራተኛው የተጀመረው በሴቶች ማኅበራት ጥረት ነው ተብሎ ሲጠቀስ ኖሯል። በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቢ ግን የወንድ ስም ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «የሻይ ኮሚቴ» የሚባል ነገር ካለ እሱን ፈትሺ። ገንዘቡ የሚሰበሰበው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

---

ክርክር ወዳድ፦

«የክስ ማመልከቻ» ጥሩ ናት፣ ተቀብያለሁ። ስልክ ማውጫውን ግን ይቅር አልልም።

---

አቧራ ጠራጊዋ፦

ተመልሻለሁ። ዐሥራ አንድ ቀን ጠፋሁ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እርስዎን ደግሞ ጋሼ የማኅተም ድምፅ በተለይ። ካርቶኑ አሁን እኔ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ላስቲኮቹ ወልቀዋል።

እጁን ተከተይ ብለውኝ አልነበር? ተከተልኩ። ከጎደሉት ዓመታት በፊት ያለው ጽሕፈት የሚያምር፣ ወደ ቀኝ ጋደል የሚል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ከዚያ ድንገት እርሳስ ይሆናል። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ መስመሩን አይጠብቁም፤ ርእሱ ሲረዝም ወደ ጎን ይወጣል። በሦስቱ ዓመት ውስጥ 63 መጽሐፍ ነው የተመዘገበው። አሥራ አምስቱን መደርደሪያው ላይ አገኘኋቸው። አብዛኞቹ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ናቸው፤ የፊት ገጻቸው ላይ የተማሪ ስምና ክፍል አለ። ልጆቹ ክፍላቸውን ሲጨርሱ እያመጡ ያስቀምጡ ነበር ማለት ነው። ሌላ ማን ያመጣዋል?

ከዚያ የቁልፏን ጥያቄ ይዤ ዞርኩ። ሁለቱም ቤተሰቦች «ቁልፉ እኛ ጋ ነበር» አሉኝ 🙂። ተስፋ ቆርጬ የውሰት መዝገቡን እያገላበጥኩ፣ ጀርባው የተገነጠለውን፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሌላ ጽሑፍ አየሁ። ደብተሩን ገልብጠው ከኋላ ጀምረውበታል። «ቁልፍ የተረከበ» ይላል ከላይ። ከሥሩ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ሰባት ስም አለ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሊቀ መንበሮችና ጸሐፊዎች ናቸው፤ ሁሉም የተረከቡትን መልሰዋል። አምስተኛው ላይ ፊርማ የለም፤ የጣት አሻራ ነው፣ በወይን ጠጅ ቀለም። ተረካቢዋ ሴት ናት። ስሟ እብነ በረዱ ላይ የለም፣ ከሁለቱ ቤተሰቦች የአንዳቸውም አይደለም፣ አንድም ቃለ ጉባኤ ላይ አላየሁትም። የተረከበችበት ቀን የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ በተጻፈ በአራተኛው ቀን ነው። ያስረከበችው ከሦስት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ።

ደረሰኞቹ ውስጥም ገባሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በየወሩ «ለጽዳት» ተብሎ የተከፈለበት አለ፤ ስሟም እዚያ አለ። በሦስቱ ዓመት ግን አንድም የክፍያ ደረሰኝ የለም። ማለትም ሳይከፈላት ነው። ወይ ደረሰኙ ጠፍቷል። ገጽ አጣፊ እንዳለው እንደዚያው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

እርሳሱን የጻፈው ማን ነው የሚለው ግን ያሳስበኛል። በአሻራ የፈረመች ሴት እንዴት መዝገብ ትሞላለች? ትናንት ማታ አንድ ጎረቤት ስጠይቅ «ልጆቿ ይሆናሉ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ ነበር የሚያጠኑት» አለችኝ። አንዷ ልጅ አሁንም ሰፈር ውስጥ ናት። ቅዳሜ ልሄድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ መዝገቡን ይዤላት እሄዳለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ያንን አሻራ መጽሔቱ ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ፣ ልጇ ከፈቀደች። በሞባይል ሳነሣው ግን ያብረቀርቃል፣ መስመሮቹ አይታዩም። ምን ላድርግ?

---

የማኅተም ድምፅ፦

ፍላሹን አጥፊ። መዝገቡን ጠዋት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው፤ ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከጎን ይምጣ። ስልኩን በእጅሽ አትያዢ፤ ሁለት የመጻሕፍት ቁልል ላይ አሳርፊው፣ ካሜራው ወደ ታች ይይ። ገጹ እንዳይታጠፍብሽ ጀርባው በተገነጠለበት በኩል ለስላሳ ጨርቅ ደግፊለት። ስፋቱ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጊ። ሦስት አራት ጊዜ አንሺ።

ቅዳሜ ስትሄጂ ደግሞ እርሳስና ወረቀት ያዢ። ልጅቱ የመጻሕፍቱን ርእስ አንድ ሁለቱን እንድትጽፍልሽ ጠይቂያት። የልጅነት እጅ ሲያድጉ ይቀየራል፤ ቢሆንም የቀረ ምልክት ይኖር ይሆናል።

---

ሦስተኛ መደርደሪያ፦

እሑድ እዚህ ነን። ምን እንዳለች ንገሪን።